ጥጤ የምታየው ወንበር

ካሰች ባሏ የሞተበትን ወንበር ከቦታው አላነሣችውም። አልሸጠችውም፣ ለማንም አልሰጠችውም፣ እሷም ተቀምጣበት አታውቅም። ቤቷ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከአስፋልቱ ወደ ላይ በሚያስወጣው አቀበት ጫፍ ላይ ናት፤ ከጓሮዋ ቡና፣ ከቡናው በላይ ደን ነው። ጧት ጧት ጉሙ ከደኑ ወርዶ እስከ ደጃፏ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ረፋዱ ላይ ይመለሳል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ዝናብ ተከትሎት ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል። ወንበሩ በትልቁ ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱና በቁም ሣጥኑ መካከል ባለው ጥግ ቆሟል። የክንዶቹ ቀለም የለቀቀው ፍቅሩ እጆቹን ያሳርፍበት በነበረው ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ፍቅሩ ሃያ ስድስት ዓመት በቡና መቀሸሪያ ማሽን ላይ ሠርቷል። የደረቀው ቡና በማሽኑ አልፎ ፍሬው ለብቻ፣ ገለፈቱ ለብቻ ሲወርድ የሚነሣው ብናኝ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር እንደተቀመጠ፣ ሁልጊዜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይገባ ነበር። ያን ቀንም፣ ታኅሣሥ አሥራ አንድ፣ እንደዚያው ገባ። ተቀመጠና ውኃ ጠየቃት። ወደ ማድ ቤት ስትወጣ፣ “ስሚ እስቲ ካሱ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…” ሲል ከኋላዋ ሰማችው።

“መጣሁ፣ መጣሁ፣ ውኃውን ልያዝልህ” አለችው።

ብርጭቆውን አለቅልቃ፣ ሞልታ ተመለሰች። ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ፍቅሩ ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ፣ እጆቹን በወንበሩ ክንዶች ላይ እንዳሳረፈ አርፏል። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ለቀስተኛው እግዚአብሔር ያጥናሽ ብሏት ወደየቤቱ ሄደ። ለካሰች የቀረላት ያቺ ያላለቀች ቃል ነበረች። ምን ሊላት ነበር? የጣሪያው ቆርቆሮ ስለሚያፈስበት ቦታ ይሆን? ስለ ሥራው? ወይስ ደረቱን እንዳመመው? የስፌት መኪናዋን በረገጠች ቁጥር ጥያቄው አብሮ ይዞራል።

ካሰች የተወለደችው ቴፒ አካባቢ፣ ቡና ልማት ውስጥ በሚኖሩ የቀን ሠራተኞች ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት የገባችው ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ማንበብን ያወቀችው ከአባቷ የዳዊት መጽሐፍ ነው፤ በቃሏ የምታውቀውን መዝሙር ከፊደሉ ጋር እያስተያየች፣ ማንም ሳያስተምራት ለመደችው። ልጅነቷን ቡና መጋዘን ውስጥ ስትለቅም አሳለፈች፤ ፍቅሩን ካገባች በኋላ ስፌት ተማረች። ልጅ አልተሰጣቸውም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች፣ ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል እያከራየች፣ የጎደለውን ሳይሆን ያለውን እያየች ማመስገንን ለራሷ አስተምራ የኖረች ሴት ናት።

ጥጤ የምትባለው ቡችላ የመጣችው ፍቅሩ በሞተ በዘጠነኛው ወር ነው። የጓሮዋን ክፍል የተከራየችው ህሊና ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ልጅ ነበረች። ከአዲስ አበባ በካርቶን ያስመጣቻት ቡችላ ነጭ፣ ፀጉሯ ጥቅልል፣ ከሁለት ኪሎ የማትሞላ፣ አድጋም ብዙ የማትጨምር ዝርያ ነበረች። በመጣች በሳምንቷ ህሊና ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች።

“እትዬ ካሱ፣ አንቺ ዘንድ ትቅር። ብቻሽን ከምትሆኚ” አለቻት።

“ልጄ፣ እኔ ውሻ ከበር መልስ አሳድሬ አላውቅም። ሥዕል ያለበት ቤት ነው።”

“ውጭ ካደረች እኮ አንድ ሌሊት አትቆይም። የደኑ አውሬ ለቁርሱም አትበቃው።”

ካሰች ቡችላዋን አየቻት። ቡችላዋም የካሰችን የቀሚስ ጫፍ ነክሳ ጎተተች። በዚሁ አለቀ።

ህሊና ከመሄዷ በፊት ሥርዓቱን ነገረቻት፤ ከሄደችም በኋላ በስልክ ደጋገመችላት። ከእንቅልፏ ስትነሣ፣ ከበላች በኋላ፣ ከተጫወተች በኋላ ወዲያው ወደ ውጭ፣ ሁልጊዜም ወደ አንድ ቦታ። ትንሽ ዝርያ ስለሆነች ፊኛዋ ጠባብ ነው፣ መያዝ አትችልም። ቤት ውስጥ ስታደርግ ብትመቺያት ተደብቃ ማድረግን ትማራለች እንጂ መተውን አትማርም። ውጭ ስታደርግ ግን አሞግሺያት፣ ቁራሽ ዳቦም ስጫት።

“ሸናሽ ብዬ ላሞግሳት?”

“አዎ እትዬ!”

“ጉድ ነው! ፍቅሩ ይህን ቢሰማ ሳቁ ከገበያ ድረስ ይሰማ ነበር።”

መጥፎ አመሏ ብዙ ነበር። ክር ተጠቅልላ ትመጣለች፣ የዩኒፎርም ጠርዝ ታኝካለች፣ ተረከዝ ትነክሳለች፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እስኪያስላት ትጮሃለች። ካሰች መላውን ቀስ በቀስ አገኘችው። ስትነክሳት ጀርባዋን ሰጥታ ዝም ትላታለች፤ ጥጤ ከዱላ ይልቅ ዝምታን አትችልም። ለጥርሷ ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻት። ያቃታት ሽንቱ ብቻ ነበር። መስከረም ሙሉ ዘነበ፣ ጥቅምትም ዘነበ። ጥጤ ደጃፉ ላይ ቆማ ዝናቡን ታይና አንድ እግሯን ታነሣለች፣ ተመልሳም ትገባለች። የምታደርገውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ወንበሩ እግር ሥር።

“አንድ ቦታ ከመረጠች እዚያው የሚመጥ ነገር በዕቃ አድርጊላት፤ ስትለምደው በየቀኑ ስንዝር ስንዝር ወደ በሩ ታስጠጊዋለሽ” አለቻት ህሊና።

የሚመጥ ነገር ሚዛን ውስጥ ማን ያጣል? ካሰች መቀሸሪያው ቤት ወርዳ፣ ከማሽኑ ጀርባ ተራራ ከሚያህለው ገለፈት ሙሉ ጆንያ ይዛ መጣች። የፍቅሩ ጓደኞች አሸከሟት፣ ዋጋም አልጠየቋት። ገለፈቱ ደረቅ ነው፣ ሽታ ይይዛል፣ ከደረቀ ፍሬ ልጣጭ የመጣ ስለሆነም ጣፈጥ ያለ ጠረን አለው። አሮጌ ሳፋ ውስጥ ጨምራ ከወንበሩ ፊት አኖረችው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከዩኒፎርሙ ሥራ ረፍት ስታደርግ፣ የረጠበውን ጥላ አዲስ ትጨምርበታለች።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሳምንት ነው።

አንድ ቀን ካሰች ጀርባዋን ለወንበሩ ሰጥታ እየሰፋች ነበር። ዝናቡ ድንገት ቆመ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የቆየ ዝናብ ሲቆም ዝምታው ጆሮ ላይ ይጮሃል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማች። ዘወር ስትል ጥጤ ከወንበሩ ፊት ተቀምጣለች። ጭራዋ ወለሉን ይመታል። ዓይኖቿ ፈጠዋል፤ የምታየው ወንበሩን አይደለም፤ ከወንበሩ ከፍ ብሎ፣ የተቀመጠ ሰው ፊቱ በሚሆንበት ቁመት ላይ ነው። ከዚያ ጭራዋ ቆመ። መላ አካሏ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባለችበት ሸናች፤ ዓይኗን ግን አልነቀለችም።

ካሰች ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

“በስመ አብ” አለች፤ ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጥጤ ከበሩ እስከ ወንበሩ አንድ ነገር ሲያልፍ እንደምታይ አንገቷን ቀስ አድርጋ አዞረች፤ ወንበሩ ዘንድ ሲደርስ አንገቷ ቆመ። ካሰች ቆማ የነበረችው መካከል ላይ ነው። ያ የሚያልፈው ነገር፣ ካለ፣ በአጠገቧ አልፏል ማለት ነው። ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ተነሣ። ከደኑ ውስጥ ጉሬዛዎቹ በአንድ ጊዜ ማጓራት ጀመሩ፣ በአንድ ጊዜም ዝም አሉ።

ያን ሰሞን ጎረቤቷ አቢጊያ ወንፊት ልትዋስ መጣች። አቢጊያ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ፕሮቴስታንት፤ አቀበቱ ሥር ሱቅ አላት፣ ምላሷም ለቀልድ የተፈጠረ ነው።

“ይቺ ናት ባለ ፀጉሯ? እትዬ ካሰች፣ ሹሩባ አልሠራሽላትም እንዴ?” ብላ ጎንበስ አለች። ጥጤ አላየቻትም። አቢጊያ ጣቷን አጮኸች፣ አጨበጨበች። ቡችላዋ ያንኑ ባዶ ቁመት ትመለከታለች። አቢጊያም እሷ ወደምታየው ቀስ ብላ ቀና አለች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ።

“ወንበሩ የጋሽ ፍቅሩ ነው አይደል?”

“አዎ።”

“እ… ወንፊቱን ነገ እወስዳለሁ” ብላ ወጣች። ከደጅ ሆና፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ “እጸልይልሻለሁ እትዬ!” አለች። ለሁለት ሳምንት ወንፊቱን አልወሰደችም።

አሁን የምንናገረውን ካሰች ለንስሐ አባቷ እንኳ ቶሎ አልተናገረችውም። ፍርሃቱ ሳምንት ሳይሞላው ሌላ ነገር ሆነባት። አሥር ሰዓት ሲሆን ልቧ ይቸኩል ጀመር። የስፌት መኪናዋን አዞረችው፤ አሁን ፊቷ ወደ ወንበሩ ነው። ነጠላዋን ትለውጣለች። ሳፋውን በአዲስ ገለፈት ትሞላና እጆቿን አጣምራ ትጠብቃለች። ጥጤ ማፍጠጥ ስትጀምር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ፍቅሩ፣ አንተ ነህ?” ትላለች። ቡችላዋ አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ አንድ ጊዜ ብቻ ትጮሃለች። “ምን ልትነግረኝ ነበር?” ትላለች ካሰች። ከዚያ ትሰማለች። የሚሰማው የኮርኒሱ ሸራ ሲነፋና ሲረግብ ነው፤ ሰው ሲተነፍስ ይመስላል።

ሳፋውን ወደ በሩ ማስጠጋቱን ተወችው። ህሊና ስትደውል፣ “እየለመደች ነው” ብላ ዋሸቻት። ወንበሩ ሥር ስትሸና ሳትቆጣ ትጠርጋለች። ቡችላዋ ስትከሳ፣ ቀን ቀን እንኳ እንቅልፍ ሳይወስዳት በክፍሉ ዙሪያ ስትሽከረከር፣ ውኃ ጠጥታ ጠጥታ ሳትጠግብ ስትቀር አየች፤ አይታም ዝም አለች። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆማ ሳለች፣ ስለ ሙታን ሲጸለይ ድንገት ታወቃት። የባሏን ነፍስ በዕረፍት አኑርልኝ እያለች የምትጸልየው እሷ፣ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና የምትለውም እሷ ነበረች።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የፍቅሩ ታላቅ እኅት፣ እትዬ የዓለምዘርፍ፣ የሙት ዓመቱን ዝግጅት ለመነጋገር ከቴፒ በሚኒባስ መጣች። ወፍራም፣ ቁጡ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ነበረች። ገና ሳትቀመጥ ጥጤን አየቻት።

“ይህ ምንድን ነው? በግ ነው ውሻ?”

“ውሻ ናት እትዬ። ትንሽ ናት።”

“ትንሽነቷን አልጠየቅሁሽም። ሥዕለ ማርያም ካለበት ቤት ምን ታደርጋለች?”

ሰዓቱ ደረሰ። ጥጤ ከሳፋው ወርዳ ወንበሩ ፊት ተቀመጠች፣ ቀና አለች፣ ጭራዋን መታች፣ ተንቀጠቀጠች። ተቀምጣ የነበረችው የዓለምዘርፍ ዓይኗን ከቡችላዋ ወደ ወንበሩ አዞረች።

“ይህ ሁልጊዜ ነው?” አለች።

“በዚህ ሰዓት።”

የዓለምዘርፍ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። ፊቷ አመድ መስሏል። “ስሚ ካሰች፣ ወንድሜ ከዚህ ዓለም ድካም ወጥቷል። ነፍሱን አላስቀምጥ ያለችው ይቺ ናት። ቄሱ ታኅሣሥ አሥራ አንድ ለጸሎት እዚህ ቤት ይገባሉ። ከዚያ በፊት ትውጣ። አለበለዚያ እኔ ራሴ በጆንያ አድርጌ ደን ውስጥ እለቃታለሁ። ማርያምን!”

“ትሞታለች እኮ እትዬ።”

“ትሙታ!”

ዝናብ እየዘነበ ወጥታ ሄደች፤ ለማደር የመጣች ሴት ባጃጅ አስጠርታ ወደ መናኸሪያ ወረደች።

ካሰች ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን አልተኛችም ማለት ይቻላል። ጥጤን ብታስወጣ አውሬ ይበላታል፤ ፍቅሩም አብሯት ይወጣል። ባታስወጣ የባሏ ወገን ሙት ዓመቱን ጥሎ ይሄዳል፤ ምናልባትም የሟች ዕረፍት በእሷ እጅ ተይዞ ይቀራል። ዳዊቷን ትከፍታለች፣ ፊደሉን ታያለች፣ ቃሉ ግን አይገባላትም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ጧት ጉሙ በር ሲከፈት ወደ ቤት የሚገባ ይመስል ነበር። ጥጤ ሳፋው አጠገብ በጎኗ ወድቃለች። እግሮቿ አየር ላይ የሚሮጡ ይመስል ይንፈራገጣሉ። አፏ አረፋ ይዟል። ካሰች እጇን ደረቷ ላይ ስታደርግ የልቧ ምት እንደ ስፌት መኪና መርፌ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም።

በነጠላዋ ጠቅልላ አቀበቱን ወረደች። ጉሙ ውስጥ ከእግሯ በታች ያለው መንገድ እንኳ አይታይም፤ ከላይ አንድ ትልቅ ወፍ በክንፉ እያፏጨ አለፈ፣ አልታያትም። አብሯት የሚሄድ የእግር ኮቴ የምትሰማ መሰላት። ስትቆም ይቆማል። “አቤቱ፣ ከእኔ ጋር አንተ ብቻ ሁን” አለች፤ ከዚያ በኋላ አልቆመችም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሲላስ ገና በሩን እየከፈተ ነበር። ወጣት ነው፣ የላምና የበግ እንጂ የእንዲህ ዓይነት ውሻ ደንበኛ የለውም። ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ልቧን አዳመጠ፣ ዓይኗን ገለጠ፣ ከዚያ ከንፈሯን አንሥቶ ከጥርሶቿ መካከል ቡናማ ስባሪ አወጣ። አሸተተው።

“እናቴ፣ ይህ የቡና ገለፈት አይደለም እንዴ?”

“የምትሸናበት ነው ልጄ። ለሽታው ብዬ።”

“ሸንታበታለች፣ በልታዋለችም። ጣፋጭ ነው እኮ፣ ሲያኝኩት ውለዋል ጥርሶቿ።” መርፌ እያዘጋጀ ተናገረ። “እኔና እርስዎ አንድ ሲኒ ብንጠጣ ነቃ እንላለን። ገለፈቱም እንደ ፍሬው ነው፣ ያው ኃይል አለው። ይቺ ደግሞ ሁለት ኪሎ አትሞላም። እንዴት እስካሁን ቆየች? እንቅልፍ አላት?”

“የላትም።”

“ትንቀጠቀጣለች? ትሽከረከራለች? ሽንቷስ አይቆምም?”

“አይቆምም።”

“ባዶ ቦታ ላይ ታፈጣለች?”

ካሰች የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። “ባዶ ቦታ?”

“አዎ፣ ልብና ጭንቅላት ሲጋልብ ዓይን ይፈጣል። የሌለ ነገር የምታይ ነው የሚመስለው።”

“የሌለ ነገር” አለች ካሰች።

ሲላስ መርዝ የሚመጥ ጥቁር ዱቄት በውኃ በጥብጦ መርፌ በሌለው ስሪንጅ አጠጣት፣ የሚያረጋጋ መርፌ ወጋት። “ዛሬን ከዋለች ነገን ታድራለች። ብቻ ያን ነገር ከቤት ያውጡ። ለሽንቷ ሰጋቱራ ያድርጉላት፤ አናጢ ቤት ሞልቷል።” ከዚያ ፈገግ አለ። “የቡና አገር ሰው አይደለን፣ ቡና ይጎዳል ብለን የት እናስብ!”

ካሰች ወደ ቤቷ ስትወጣ ሁሉንም በልቧ ገጣጠመችው። አዲሱን ገለፈት የምትጨምረው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ቡችላዋ ትበላለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልቧ ይጋልባል፣ ዓይኗ ይፈጣል፣ የሌለ ነገር በዓይኗ ትከተላለች፣ ሽንቷ ያመልጣል። ሳፋው የነበረው ወንበሩ ፊት ነው፤ ቀና ብትል የሚገጥማት ወንበሩ ነው። በየቀኑ ባሏን ወደ ቤት ያስገባችው እሷ ራሷ ነበረች፣ በእፍኝ።

ያን ቀን አሥር ሰዓት ሲሆን ጥጤ አልጋው ሥር በጨርቅ ላይ ተጋድማ ነበር፤ ትተነፍሳለች፣ አልፎ አልፎ ትፈራገጣለች። ጆንያው ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ካሰች ልትጥለው ተነሣች። አፉን ስትፈታ እጇ ውስጥ ገባ፣ አንድ እፍኝም ይዞ ወጣ።

አንድ እፍኝ ምን ታደርጋለች? አለች በልቧ። ነገ፣ ሲሻላት። ግማሽ እፍኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደኅና ሁን እስክለው ድረስ።

ይህን ያለው የራሷ ድምፅ መሆኑን ስታውቅ፣ ቤቱ ውስጥ ካየችው ሁሉ ያ አስፈራት። እጇ ላይ ያለው ገለፈት ሞቃት መሰላት። ጥጤ ከአልጋው ሥር ዓይኗን ከፍታ የካሰችን እጅ ታያለች፤ ቢሰጧት ትበላለች፣ ታምናታለች። ወንበሩ ጥጉ ላይ ነው። መስኮቱ ላይ ጉሙ ተለጥፏል፤ ክፍሉም እየጨለመ የሄደው ከወንበሩ በኩል ነበር።

ካሰች እፍኙን ወደ ጆንያው መለሰችው። ጆንያውን ጎትታ አወጣችው፣ በደጁ ጭቃ ላይ፣ በጓሮው፣ በቡናው መካከል እስከ መጨረሻው የጎረቤት አጥር ድረስ ወሰደችው፣ ቡችላ ከማይደርስበት ጉድጓድ ጨመረችው፣ አፈርም አለበሰችው። ተመልሳ ሳፋውን በሳሙና አጠበች። ከዚያ ወንበሩ ፊት ቆመች። ሰዓቱ አሥራ አንድ ነበር።

“ፍቅሩ፣ ልትነግረኝ የነበረውን የሰማህ እግዚአብሔር ነው። እሱ ዘንድ ይቆየኝ” አለች። “ውኃውን አምጥቼልህ ነበር። ዘግይቼ አይደለም።”

ማንም አልመለሰላትም። ሸራው ነፋ፣ ረገበ፤ የኮርኒስ ሸራ ነበር። ካሰች መሬት ላይ ተቀመጠችና ባሏ ከሞተ ጀምሮ አልቅሳው የማታውቀውን ልቅሶ አለቀሰች። ቅዳሜ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። በዚያ ሌሊት እስከ ንጋት ተኛች፤ እስከ ዛሬ የምታመሰግነው ስለዚያ እንቅልፍ ነው።

ጥጤ ተረፈች። በሦስተኛው ቀን ተረከዝ ነከሰች። ካሰች ጀርባዋን ሰጥታ ዝም ስትላት ፊቷ እንባ ነበር፣ በደስታ። ሳፋውን በሰጋቱራ ሞላችና በየቀኑ ስንዝር አስጠጋችው፤ መጀመሪያ ከወንበሩ ራቀ፣ ከዚያ መካከል ላይ፣ ከዚያ ደፍ ላይ፣ ከዚያ በረንዳ ሥር። የቡችላዋ ሽንት አሁን መጠን ነበረው፣ መያዝም ጀመረች። ዝናቡም ቀለል አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥጤ ትተኛለች፤ ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል። ወንበሩን ዞር ብላ አታየውም። በዚያ ሰዓት ካሰችን አንድ ነገር ውስጧን ይነካታል፤ ግን ተመስገን ብላ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች።

ታኅሣሥ አሥር ቀን ጧት የዓለምዘርፍ ከቴፒ መጣች። እንግዳ ለማስተናገድ ሽንኩርት እየተላጠ ነበር። ገብታ ግራ ቀኝ አየች። ጥጤ ከስፌት መኪናው ሥር ተኝታለች።

“አላስወጣሻትም።”

“አላስወጣኋትም እትዬ። መጀመሪያ ስሚኝ፣ ከዚያ እንደ ወደድሽ።”

ካሰች ቢላዋውን አስቀምጣ ነገረቻት፤ ገለፈቱን፣ ሰዓቱን፣ ሲላስ ከጥርሷ ያወጣውን። በጆንያው አፍ ስለ ያዘችው እፍኝም ሳትደብቅ ነገረቻት። የዓለምዘርፍ ጣልቃ ሳትገባ ሰማች። ሲያልቅ ዓይኗ ወንበሩ ላይ ነበር።

“እንግዲያ አላየችውም።”

“አላየችውም።”

“ፈጽሞ?”

“ፈጽሞ እትዬ።”

የዓለምዘርፍ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን እያሸች። “ያን ዕለት ቴፒ ገብቼ ሦስት ቀን አልተኛሁም” አለች። “ፈርቼ ነው እያልሁ ለሰው አወራሁ። ስልኩን አነሣና እተወዋለሁ። ልጠይቅሽ የፈለግሁት… እኔን ጠየቀ ወይ ነበር። በእናትሽ አትሳቂብኝ። ያሳደግሁት ልጅ ነው፣ ስትሸኙት አልደረስሁም፤ መንገድ ዘግቶብኝ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው የመጣሁት።”

“አልስቅብሽም።”

“ደን ውስጥ እጥላታለሁ ያልሁት ለነፍሱ ብዬ አልነበረም። አንቺ ዘንድ መጥቶ እኔ ዘንድ ስላልመጣ ነው።”

ውጭ ጉሙ አጥሩን፣ ከአጥሩም አልፎ በረንዳውን ውጦታል። የተሰማው የሽንኩርት ልጣጭ በእግራቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ነበር። ጥጤ ከስፌት መኪናው ሥር ወጥታ ተንጠራራች፤ የዓለምዘርፍን እግር አሸተተች። በሩ ዘንድ ሄዳ በአንድ እግሯ ጫረችው፣ ዞር ብላም አየቻቸው።

“ምን ትላለች?”

“ሽንቷ መጥቶ ነው። እከፍትላታለሁ…”

“ተይ፣ እጅሽ ሽንኩርት ነው” አለች የዓለምዘርፍ፤ እየቃተተች ተነሣች። በሩን ከፈተችው። ነጯ ቡችላ ነጩ ጉም ውስጥ ገብታ ጠፋች። የዓለምዘርፍ ደፉ ላይ ቆማ ትንሽ ጠበቀች፣ አንገቷን አወጣች፣ ምንም አላየችም። ከደኑ በኩል አንድ ቅርንጫፍ ተሰበረ።

“ወዴት ሄደች? እንዲህ በጉም ብቻዋን ትለቂያታለሽ እንዴ፣ ቢወስዳትስ?” ብላ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገችና ተከትላት ወጣች። ጉሙ እሷንም ዋጣት።

ካሰች ቢላዋዋን አንሥታ ጆሮዋን ጣለች። ለጥቂት ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም። ከዚያ፣ ሰው ከማይታይበት ነጭ ውስጥ፣ የቁጡዋ ሴት ድምፅ መጣ።

“ኧረ ቶሎ በይ አንቺ! ጉልበቴን በረደኝ እኮ! … እዚህ ጋ ነኝ፣ እዚህ ጋ፣ አትሂጂ ወደዚያ!”